የእንዶድ ታሪክና ለምርምር ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ተማሪ

በየጊዜው ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስ ተማሪዎች ለምርምር ልምምድ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ላቦራቶሪዎች ለመሄድ ይሰናዳሉ። ዝግጅት ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የድጋፍ ደብዳቤና የክረምት ካፖርት ነው። እነዚህ አስፈላጊ መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ከሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ተማሪው የማንን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል? የሚገኘውስ ውጤት የማን ይሆናል? የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ታሪክን እንመርምር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያን በሽታ ያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል ከዕድገቱ ከፊሉን የሚፈጽመው በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ያጠፋ የበሽታውን ሰንሰለት ይበጥሳል ማለት ነው። አክሊሉም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ከእንዶዱ አረፋ ቢያስገቧቸው እነዚያም ሞቱ።

እዚህ ላይ ሁለት ዕውቀቶች ተገናኝተዋል። የእንዶድን ጠባይ ከትውልድ ትውልድ ያስተላለፉት እናቶች ናቸው። የቀንድ አውጣው ሞት ለሕዝብ ጤና ምን ትርጉም እንዳለው ያስተዋለው ደግሞ በውጭ አገር ላቦራቶሪ የሠለጠነ ዓይን ነው። አንዱ ያለ ሌላው ፍሬ ባላፈራ ነበር። እንግዲህ ውጭ ወጥቶ መማርን የሚያጥላላም፣ የገበሬውንና የእናቶችን ዕውቀት የሚንቅም ሁለቱም ከዚህ ታሪክ ፊት መልስ የላቸውም።

ሥራው በዚያ አላበቃም። በ1966 በአዲስ አበባ፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ፣ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ። ከ1969 ጀምሮ ዓድዋ ላይ ለ5 ዓመታት በተካሄደው የእንዶድ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። ይህን የመሰለ ውጤት ተገኝቶም እንኳ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለረጅም ዓመታት አመነቱ። የመርዛማነቱ ፈተና በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች እንደገና ይሠራ ተባለ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989፣ ከዓድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ? በ1990ዎቹ በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ቅርፊት የባሕር ማዶ ተባዮችን እንደሚገድል በተሠራው ምርምር መነሻነት ፓተንት ወሰደ። ተክሉ የእኛ፣ የመጀመሪያው ዕውቀት የእናቶቻችን፤ የባለቤትነቱ ወረቀት ግን የሌላ ሆነ።

የጤፍም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት የተፈራረመ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። በሆላንድ አገር ዋጋ የለውም ተብሎ የተሻረው በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ነው። አንድ ወረቀት ለማስተካከል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ልብ እንበል።

በዚህ መካከል ሕግ ወጥቷል። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482 በ2006 ታወጀ፤ የናጎያ ፕሮቶኮል በ2010 ጸድቆ በ2014 ሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱም የአገር የዘር ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ክፍፍል እንዳይወሰድ የሚደነግጉ ናቸው። ሕግ ግን በሻንጣ ውስጥ ያለውን ዘር ራሱ አያይም፤ የሚጠብቀው የተማሪው ንቃት ነው።

ስለዚህ ለጉዞ ለሚሰናዳው ተማሪ የምንለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከመነሳትህ በፊት የአገርህን አንድ ችግር በሚገባ አጥና። ጥያቄ ይዞ ያልሄደ ተማሪ የሌላውን ጥያቄ ሲያጥብ ውሎ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ አንዲት ፍሬ፣ አንድ ጠብታ ደም ወይም አንድ እፍኝ አፈር ያለ ፈቃድ አትውሰድ። ናሙናው፣ የመረጃው ባለቤትነትና በጽሑፉ ላይ የሚሰፍሩት ስሞች ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰኑ። «በኋላ እንነጋገራለን» የሚባለው ነገር ከታተመ በኋላ አይነጋገሩበትም።

ሦስተኛ፣ የመለኪያውንና የመመዝገቢያውን ሥርዓት ጠንቅቀህ ተማር። የዓድዋው ውጤት ለዓመታት የተጠራጠሩበት ሚዛን ምን እንደሆነ ያወቀ ተመራማሪ፣ ነገ ከአገር ውስጥ ላቦራቶሪ የሚወጣውን ሥራ ማንም በቀላሉ ሊገፋው በማይችል መሣሪያ ያስታጥቀዋል።

የእንዶድ ቁጥቋጦ ዛሬም በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። የሚጎድለው ተክሉ አይደለም፤ ዕውቀቱን ከወንዙ እስከ ላቦራቶሪው፣ ከላቦራቶሪውም መልሶ እስከ ወንዙ የሚያደርስ ምሁር ነው። ለዚያ እንዘጋጅ!