አገር ስጠኝ፦ የዕለት እንቆቅልሽ ወደ ክፍል የገባበት ረጅም መንገድ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2021 ዎርድል የሚባለውን የቃላት እንቆቅልሽ የተጫወቱት ሰዎች 90 ብቻ ነበሩ። ጆሽ ዋርድል የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ለፍቅረኛው ብሎ የሠራው ጨዋታ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ በቀን አንድ ቃል፣ አምስት ፊደል፣ ስድስት ሙከራ። ፊደሉ ቦታውን ካገኘ አረንጓዴ፣ በቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታው ከተሳሳተ ቢጫ፣ ጨርሶ ከሌለ ግራጫ ይሆናል። ሁለት ወር ሲሞላው ተጫዋቾቹ ከ300,000 በላይ ሆኑ። በጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ኒው ዮርክ ታይምስ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ብዙም ሳይቆይ በተለያዩ አገሮች ያሉ መምህራን የዕለቱን ቃል በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ማውጣት ጀመሩ።

ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22፣ 2014 ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከሚሴ በዚያ ሰሞን የጦርነቱ ግንባር ደርሶባታል። በማግስቱ ጥቅምት 23 በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በከሚሴም ሆነ በዙሪያዋ ስለ ዕለቱ ቃል የሚያስብ ተማሪ አልነበረም፤ የዕለቱ ጥያቄ ሌላ ነበር።

ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው ለማሳዘን አይደለም። «በየቀኑ የሚወጣ እንቆቅልሽ ለትምህርት ይጠቅማል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ አብረን መጠየቅ ያለብን ነገር ስላለ ነው፦ ለማን፣ በምን ቋንቋ፣ ኔትወርክ በማን እጅ እያለ? ደግሞስ ይህ ነገር እውነት አዲስ ነው?

አዲስ አይደለም። ታሪኩን እንየው።

ማን አውቆ፣ ማን አገር ሰጥቶ

«እንቆቅልሽ!» ሲባል «ምን አውቅልህ?» ብሎ ያልመለሰ ልጅ ያለ አይመስለኝም። መልሱ ከጠፋው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ተጠያቂው ጎንደርን ወይ ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው «ሄዶ» በዚያ አገር የበላ የጠጣውን ይዘረዝራል፤ በሰጪው ላይ ትንሽ ያላግጣል፤ ከዚያ መልሱን ይናገራል።

ይህን ሕግ እንደ አስተማሪ ሆናችሁ ብታዩት የሚገርም ነው። አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል፣ ግን ዋጋው ትንሽ ነው፦ የአንድ አገር ስምና ጥቂት ሳቅ። መልሱ ደግሞ ሁልጊዜ ይመጣል። ያላወቀ ልጅ ዝም ብሎ አንገቱን ደፍቶ አይቀመጥም፤ አገር ሰጥቶ፣ ስቆ፣ አውቆ ይነሳል። በብዙ ክፍሎቻችን ያልመለሰ ልጅ ምን እንደሚደርስበት እናውቀዋለን አይደል? እዚህ ግን ሕጉ ራሱ ይከላከልለታል።

በከሚሴና በዙሪያዋ ይህ ጨዋታ በሁለት ቋንቋ ይኖራል፤ በአፋን ኦሮሞ ስሙ ሂቦ ነው። የዞኑ የሥራና የትምህርት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉ ደግሞ አማርኛ። ልጁ ቤቱ ሂቦ ሰምቶ፣ ገበያ ላይ እንቆቅልሽ ሰምቶ ያድጋል።

ታዲያ ሂቦ ከምሽት ጨዋታ ወጥቶ ወደ መማሪያ መጽሐፍ የገባው መቼ ነው? እዚህ ላይ የአንዲት ሴት ስም መነሳት አለበት፦ አስቴር ገኖ። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ በባሕር ወደ የመን እየተጓዘች ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ ጀልባዋን አስቁሞ ነፃ አወጣት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። እዚያም ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ሠራች። ከኦሮሞ ቃል 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ሰበሰበች። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

እስቲ አስቡት። ማንበብ የሚማረው ልጅ በመጀመሪያው መጽሐፉ ያገኘው ከሩቅ አገር የተተረጎመ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከእናቱ አፍ የሰማውን ሂቦም ጭምር ነው። መልሱን ቀድሞ የሚያውቀው ከሆነ ያነበበው ልክ ይሁን አይሁን በራሱ ያረጋግጣል። መልሱን ካላወቀ ደግሞ ለማወቅ ሲል እስከ መጨረሻው ያነባል። በሁለቱም መንገድ እንቆቅልሹ የማንበብን ሥራ ይሠራል። መስቀለኛ ቃላት ገና ሳይፈጠር ነው ይሄ። አርተር ዊን የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃላት በኒው ዮርክ ጋዜጣ ያወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21፣ 1913 ነው፤ አፄ ምኒልክ ካረፉ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላበት ጊዜ።

አስቴር መጽሐፏን የሠራችው በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ በከሚሴ ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ቁቤ ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገድ ከፈተ። የዚህ አካባቢ ልጅ ታዲያ ሁለት ጽሕፈት ተሸክሞ ያድጋል። ወደዚህ እንመለሳለን።

በቀን አንድ

«በየቀኑ» የሚለውም ቢሆን የስልክ ፈጠራ አይደለም።

የቅኔ ቤትን እንይ። ወሎ ውስጥ ዋድላ በቅኔ ስሟ የታወቀ ነው። ተማሪው በማለዳ ተነስቶ ዛፍ ሥር ወይ ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም የራሱን አዲስ ቅኔ በልቡ ይሠራል። ቀኑን ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ተማሪዎቹ ሰሙንና ወርቁን ይፈታሉ። ነገ ሌላ ነው። የተነገረ ቅኔ አይደገምም።

ደረጃም አለው። ጀማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያድጋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ዛሬ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪዎች «ሌቭል» የሚሉት ነገር የኔታ ጋ ቆይቷል።

አሁን ወደ ከሚሴ እንቅረብ። ዳዋ ጨፋ ውስጥ ተራራ ላይ የተሠራች ሾንኬ የምትባል የድንጋይ ቤቶች መንደር አለች። አርጎቦች የሚኖሩባት፣ በእስልምና ትምህርት ስሟ የገነነ መንደር ናት። የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አህመድ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና መጽሐፋቸው እንዲህ ያሉ የዕውቀት ማዕከላት ምን ያህል ሰፊ መረብ እንደነበራቸው አሳይተዋል። በቁርኣን ቤት ልጁ የዕለቱን ድርሻ ሉህ ላይ ይጽፋል፤ ያነባል፤ በቃሉ ይዞ ለመምህሩ ያሰማል። ካለፈ ሉሁ ይታጠብና ለአዲስ ድርሻ ይዘጋጃል። ካላለፈ አይታጠብም።

ቁርኣን እንቆቅልሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ በጭራሽ። እያልኩ ያለሁት ስለ ቀኑ ነው። የዛሬው ድርሻ ትንሽ ነው፣ ያልቃል፣ ነገ ደግሞ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ልጁን የሚያመላልሰው ይህ ምት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ይህን በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 የተማርነው ነገር ካልደገምነው በምን ፍጥነት እንደሚጠፋ በራሱ ላይ ሞክሮ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንብቦ በቃሉ እንዲያስታውስ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያስታወሱት በለጡ። የዕለት እንቆቅልሽ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ከውስጥ አውጣ ይላል እንጂ ከውጭ ጨምር አይልም።

እኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016ቱም ቁጥሩ 5.4 በመቶ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የመምህር ኑሮ አለ። በቀን አንድ እንቆቅልሽ ይህን ሁሉ አይፈታም። ግን ለፈተና ሸምድዶ በማግስቱ የሚረሳ ትውልድ እንዳይበዛ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው።

ሁለት ፊደል፣ አምስት ፊደል

ታዲያ ዎርድልን አውርደን ከሚሴ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈው? እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን ከዚያ የተሻለ ነገር አለ። ይህችን ሞክሩ፦

«በአማርኛ ቤቱ ደርሷል፤ በኦሮምኛ ገና ሊሸጥ ሊገዛ ነው። ምንድን ነው?»

ካላወቃችሁ አገር ስጡኝ። ባቲን ከሰጣችሁኝ ሰኞ ሄጄ ግመል አየሁ፣ ቅመም ገዛሁ እላለሁ። ሰንበቴን ከሰጣችሁኝ እሑድ እሄዳለሁ።

መልሱ «ገባ» ነው። በአማርኛ ወደ ውስጥ ዘለቀ ማለት ነው፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ገበያ። በፊደላችን ሲጻፍ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁለት ሆሄ ብቻ። ጆሮ ግን ይለያቸዋል፦ በአማርኛው «ባ» ይጠብቃል፣ በኦሮምኛው ይላላና ይረዝማል። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቁን አያሳይም። ቁቤ ግን ያሳያል፤ የጠበቀውን ተናባቢ ይደርባል፣ የረዘመውን አናባቢ ይደርባል። ስለዚህ ገበያ ማለት የሆነው ገባ በቁቤ አምስት ፊደል ይሆናል። ልክ እንደ ዎርድል!

የከሚሴ ልጅ እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ልጅ ይበልጣል። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» መሆኑን ቁቤ የተማረ ልጅ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። «ጋራ» በሁለቱም ቋንቋ ተራራ መሆኑን ሲያገኝ ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ጽሕፈት መያዝ እንደ ሸክም ሲነገር እንሰማለን። በእንቆቅልሽ ክፍል ውስጥ ግን ሀብት ነው። በአንድ ቋንቋ ብቻ ያደገ ልጅ «ገባ»ን አይሠራውም፤ አይፈታውምም።

ጎረቤት ለጎረቤት ጥርጣሬ በገባበት በዚህ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከቋንቋ ትምህርት በላይ ይሆናል። የሌላውን ቋንቋ ካላወቅህ የማይፈታ እንቆቅልሽ ጓደኛህን እንድትጠይቀው ያስገድድሃል።

ኔት ሲጠፋ

ሐምሌ 28፣ 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በየቀኑ ከድረ ገጽ የሚወርድ እንቆቅልሽ ላይ ትምህርቱን የመሠረተ መምህር ቢኖር ያን ዕለት ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

ከታሪኩ የምናገኘው ትልቁ ትምህርት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ዎርድል ላይ ሚሊዮኖች ይፈታሉ፣ የዕለቱን ቃል የሚመርጠው ግን አንድ ድርጅት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ራሱ ይሠራል። በእንቆቅልሽ የመለሰው ልጅ በተራው ይጠይቃል። አስቴር ገኖ ጥያቄዎቿን ከአንድ ቢሮ አላመጣችም፤ ከሕዝብ ሰበሰበች። ጥያቄውን መሥራት የሚችል ክፍል ኔት ቢኖርም ባይኖርም ነገ ጥያቄ አያጣም።

አሠራሩም ውድ አይደለም። ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች። ሰኞ መምህሩ ይጠይቃል። ከማክሰኞ ጀምሮ ተራው የተማሪዎች ነው፦ አንዱ በአማርኛ፣ አንዷ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በሁለቱም፣ ሒሳብ የሚወድ በቁጥር። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ አገር ሲሰጥ ግን ስለዚያ አገር አንድ እውነት ይናገራል፣ ጂኦግራፊም አብሮ ይሄዳል። ዓርብ የሳምንቱን ጥያቄዎች ክፍሉ ደብተሩን ዘግቶ ያስታውሳል። ኔት ካለ ደግሞ ጥያቄዎቹን ቴሌግራም ላይ አውጥቶ የኮምቦልቻ ወይ የአሳይታ ልጆች እንዲሞክሩት መላክ ነው፤ እነሱም የራሳቸውን ይመልሳሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጥያቄዎቹ ደካማ ይሆናሉ። ይሁኑ። የጉባኤ ቃና ጀማሪም ሁለት ቤት አስተካክሎ ለመግጠም ስንት ቀን ይደክማል። ወር ሲሞላ ግን አያቷን ጠይቃ ያላለቀ ሂቦ ይዛ የምትመጣ ልጅ ትኖራለች፤ መምህሩም ያን ቀን አገር ይሰጣል።