ከማኘክ ወደ ፈገግታ፦ የማሴተር ነርቭ ፍለጋ ታሪክ

የፊቱ አንድ ወገን ሽባ የሆነ ሰው ሲስቅ ፊቱ ይበልጥ ይጣመማል፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ሕሙማን በሰው ፊት መሳቅን ይተዋሉ። የፊት ነርቭ በአደጋ ወይም በዕጢ ቀዶ ሕክምና ተቆርጦ መልሶ መቀጠል በማይቻልበት ጊዜ ቀዶ ሐኪሞች ከሌላ ስፍራ ነርቭ ለመበደር ይገደዳሉ። ዛሬ ከሚበደሩት አንዱ ማሴተር የተባለውን የማኘኪያ ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ ነው። እዚህ ለመድረስ ግን ረጅም ዘመን ፈጅቷል።

ታሪኩ የሚጀምረው ሁለቱን ነርቮች ከመለየት ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1821 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ የፊት ነርቭና አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ የተለያየ ተግባር እንዳላቸው አመለከተ። ሆኖም የከንፈርን እንቅስቃሴ በከፊል ለአምስተኛው ሰጥቶ ስለነበር ኸርበርት ሜዮ በ1822 ይህን አረመ። በሂደትም የፊትን ገጽታ የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው፣ የፊትን ስሜት የሚያደርሰውና የማኘኪያ ጡንቻዎችን የሚያዝዘው ደግሞ አምስተኛው መሆኑ ጸና።

ነርቭ የመበደር ሐሳብ የመጣው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባላንስ በ1895 የፊትን ነርቭ ትከሻን ከሚያንቀሳቅሰው ከአሥራ አንደኛው ነርቭ ጋር አገናኘ፤ ፊት ቢንቀሳቀስም ከትከሻ ጋር አብሮ ሆነ። ጀርመናዊው ቨርነር ኮርተ በ1901 የምላስን ነርቭ ተጠቀመ። ይህ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቢቆይም ነርቩ ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ የምላሱ ግማሽ ይመነምናል፤ ንግግርና መዋጥም ሊታወክ ይችላል።

በ1978 አሜሪካዊው ሜልቪን ስፒራ የማሴተርን ነርቭ ከፊት ነርቭ የታችኛው ክፍል ጋር ማገናኘቱን ጻፈ። ሌሎች የማኘኪያ ጡንቻዎች ስላሉ ሕመምተኛው ማኘክ አያቅተውም። ኋላም በካናዳ ቶሮንቶ የነሮናልድ ዙከርና ራልፍ ማንክቴሎው ቡድን፣ ሞቢየስ ሲንድሮም ላለባቸው ሕፃናት ከጭን የተወሰደ ጡንቻ ፊት ላይ ተክሎ በዚሁ ነርቭ እንዲንቀሳቀስ አደረገ።

የቀረው ችግር ነርቩን ማግኘት ነበር። ነርቩ በታችኛው መንጋጋ አጥንት የላይኛው ስርጉድ በኩል አልፎ በጡንቻው ውስጠኛ ገጽ ይገባል፤ ከላዩ የፓሮቲድ ዕጢና የፊት ነርቭ ቅርንጫፎች አሉ። በ2012 የታተመ የአስከሬን ጥናት ለዚህ መለኪያ ሰጠ፦ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ከምትገኘው ልም አጥንት ወደፊት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከጉንጭ አጥንት ቅስት በታች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከላይኛው የፊት ጅማታዊ ሽፋን ወደ ውስጥ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል። በ2013 ደግሞ ሌላ ጥናት በጉንጭ አጥንት ቅስት፣ በመንጋጋ መገጣጠሚያና በፊት ነርቭ የግንባር ቅርንጫፍ የሚከበብ ሦስት ማዕዘን አመለከተ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ነርቩ በኤሌክትሪክ ሲነካ ጡንቻው ከተኮማተረ ማንነቱ ይረጋገጣል።

እንቅስቃሴ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ሕመምተኛው መጀመሪያ ፈገግ የሚለው ጥርሱን በመንከስ ነው፤ በልምምድ ብዛት ግን አንዳንዶች ሳይነክሱ ፈገግ ማለትን ይለምዳሉ። ቤልና ሜዮ የለዩአቸውን ሁለት ነርቮች ቀዶ ሐኪሙ እንደገና ያገናኛል፤ ማገናኘት የቻለውም አስቀድሞ ስለተለዩ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለው። በቤል ሽባነት የተያዙ አብዛኞቹ ሕሙማን ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ነርቩ የተቆረጠበት ሰው ግን ጊዜ የለውም፤ ከ18 እስከ 24 ወር ካለፈ የፊት ጡንቻዎች በአብዛኛው መንምነው ነርቭ ቢቀጠልላቸውም አይመልሱም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጡንቻ ከሌላ ስፍራ አምጥቶ መትከልን የመሰለ ከበድ ያለ ሕክምና ነው። ስለዚህ ዓይኑ እንዳይደርቅ እየተንከባከብን፣ የጉዳቱን ቀን በትክክል መዝግበን፣ ሕመምተኛውን በጊዜው ወደ ሚመለከተው ሐኪም መላክ የእኛ ድርሻ ነው። ነርቩ የሚገኝበት ስፍራ በሴንቲ ሜትር ታውቋል፤ በመዘግየት የጠፋን ጊዜ ግን ማንም መልሶ ሊያገኘው አይችልም።