ወረንጦ፣ እንባና ሁለት ማደንዘዣ

ዳንግላ ወይም እንጅባራ ገበያ የወጣ ሰው አንገታቸው ላይ ወረንጦ ያንጠለጠሉ እናቶችን አይቶ ሊሆን ይችላል። እኛ የአስፋልት ልጆች እንደ ጌጥ እናየዋለን። ወረንጦው ግን እሾህ ብቻ አይደለም የሚነቅለው፤ ትራኮማ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ሲያጣምመው ብሌኑን የሚቧጥጠውን ፀጉርም ይነቅላል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር።

የተጣመመውን ቆብ ማቃናት ቀላሉ ነው። መርፌ ይወጋል፣ ቦታው ይደነዝዛል፣ ታካሚዋ እያወራች የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይጨርሰዋል። የእንባ ቱቦ ሲዘጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንባ በዓይን ጥግ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ወደ ከረጢት፣ ከዚያም ወደ አፍንጫ ይወርዳል (ስናለቅስ ንፍጣችን የሚበዛው ለዚህ ነው)። መንገዱ ሲዘጋ እንባው ጉንጭ ላይ ይፈስሳል፣ ከረጢቱም መግል ይቋጥራል።

ድሮ ሐኪሞች ከረጢቱን ቆርጠው ያወጡት ነበር። መግሉ ይቀራል፣ እንባው ግን ዕድሜ ልክ ይፈስሳል። ጣሊያናዊው አዴኦ ቶቲ እ.ኤ.አ. በ1904 ሌላ መንገድ ይዞ መጣ፤ በአፍንጫ ጎን ያለውን አጥንት ፈልፍሎ ከረጢቱን በቀጥታ ከአፍንጫ ጋር ማገናኘት። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን አጥንትህ በመሮ ሲፈለፈል ነቅተህ ትተኛለህ?

ሙሉ ሰመመን ያኔ አዲስ አልነበረም። ዊልያም ሞርተን ቦስተን ላይ ኤተርን በአደባባይ ያሳየው በ1846 ነው። ችግሩ ደሙ ነበር። የአፍንጫ ውስጥ ሥጋ ብዙ ይደማል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ወደ ጉሮሮው የሚወርደውን ደም ማሳልም መትፋትም አይችልም።

የሌላው ማደንዘዣ ታሪክ ከዓይን ይጀምራል። የቪየናው ወጣት ሐኪም ካርል ኮለር በ1884 ኮኬይን ዓይን ውስጥ ጠብ አድርጎ እንደሚያደነዝዝ አረጋገጠ። ሃይደልበርግ በተካሄደው ጉባኤ ግኝቱን ያቀረበለት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ለጉዞው ገንዘብ አልነበረውም! (ይህን ስናነብ ምን እንደተሰማን አንናገርም።) ኮኬይን የደም ሥርንም ያጠብባል። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ብራውን በ1903 አድሬናሊን ጨመረበት፤ ደሙ ቀነሰ፣ ድንዛዜውም ቆየ።

ሁለቱን አንድ ላይ የማድረግን ሐሳብ ያጎላው የክሊቭላንዱ ጆርጅ ክራይል ነው። በ1910ዎቹ የተኛ ሰው አንጎል የቢላውን መልእክት አሁንም ይቀበላል ብሎ ተከራከረ፤ ስለዚህ የተኛውንም ሰው ቦታውን አደንዝዙለት አለ። የንድፈ ሐሳቡ ዝርዝር ብዙ ተተችቷል፣ አሠራሩ ግን ቀረ። ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ሊዶኬይንን ሲሠራ ደግሞ የኮኬይኑን ጣጣ የሚያስቀር መርፌ ተገኘ።

ዛሬ በእንባ ቱቦ ቀዶ ሕክምና ሁለቱ ሲጣመሩ ሥራ ይከፋፈላሉ። ሰመመኑ ታካሚውን ያስተኛል፣ የጉሮሮው ቱቦ ደሙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይከላከላል። ሊዶኬይንና አድሬናሊኑ ደሙን ይቀንሳሉ፣ የሰመመኑ መጠን እንዲያንስ ይረዳሉ፣ ሲነቃም የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ሕመም ያስታግሳሉ።

አዋቂ ሰው በመርፌውና በትንሽ ማረጋጊያ ብቻ ሊሠራለት ይችላል። ሕፃን ግን አይችልም። ተዘግቶ የሚወለድ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት፣ የእናት ጣት የዓይኑን ጥግ እያሸው፣ በራሱ ይከፈታል። ያልተከፈተለትን ልጅ አስተኝቶ መክፈት የሰመመን ማሽን፣ ኦክስጅንና ባለሙያ ይጠይቃል። ሊዶኬይን ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ማሽኑ ግን አይደርስም፤ ሰመመን ሰጪውና የዓይን ሐኪሙ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲገናኙ ደግሞ የዳንግላ እናት ልጇን አዝላ ብዙ ጊዜ ባሕር ዳር ድረስ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች።