በምጽዋ በር የተያዘው የንጉሥ ዕቃ

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ምድር ሁለት ሰዎች በገንዘብ ነገር ሲጣሉ፥ ከሳሹ «በሕግ አምላክ» ብሎ ተከሳሹን ያቆመው ነበር። ነጠላቸው ከነጠላ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ዋስ ይጠራል፥ ምስክር ይሰማል፥ ፍርድም ይሰጣል። ለሊቃውንቱ ደግሞ ፍትሐ ነገሥት ነበራቸው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በቅብጡ ሊቅ በኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፥ ከ51 አንቀጾቹ የፊተኞቹ 22 የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት፥ የቀሩት ሥጋዊውን ፍርድ ይናገራሉ። ብድርና አደራ፥ መያዣና ዋስ፥ ሽያጭና ሽርክና ሁሉ በውስጡ ሥርዓት ተሠርቶላቸዋል። በመንገድም ነጋድራስ የተባለው የነጋዴዎች አለቃ የሲራራውን ጠብ ይዳኝ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት ከደጋው ወርዶ ከባሕሩ ዳር ሲደርስ ይቆም ነበር።

ምክንያቱም የባሕሩ በር በሌላ እጅ ስለ ነበረ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1557 ዓመት ቱርኮች ምጽዋን ያዙ፤ ከጊዜ በኋላም የወደቡ ሥልጣን በሕርጊጎ ተቀምጦ ቀረጥ ለሚቀበለው ለናይቡ ተላለፈ። ምጽዋ ደሴት ናት፤ የራስዋ እህል የላትም፥ ውኃዋም ጥቂት ነው። ሆኖም ከጎንደር የሚወርደው የዝሆን ጥርስና ዝባድ፥ ከህንድ የሚመጣውም ልብስና ቅመም የሚያልፈው በእርስዋ በኩል ነበር። ስለዚህ ደገኛው ያለ ወደቡ ሊነግድ፥ ወደቡም ያለ ደገኛው ሊበላ አይችልም ነበር።

የጎንደር ነገሥታት በዚህ በር ለማለፍ የተጠቀሙት በእስላምና በአርመን ነጋዴዎች ነው። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ ቢወስንም፥ ንግዱን ከእጃቸው አልወሰደም። ከአርመኖቹ ይልቁንም ስሙ የገነነው ኾጃ ሙራድ ነው፤ እርሱም ዐፄ ፋሲለደስን፥ ዐፄ ዮሐንስንና ዐፄ ኢያሱን በመልእክተኛነትና በነጋዴነት አገልግሎ እስከ ባታቪያ፥ ማለት ዛሬ ጃካርታ እስከምትባለው ከተማ ድረስ ተጉዞ ከሆላንድ የንግድ ማኅበር ሹማምንት ጋር ተገናኝቷል።

ባሕርን ለተሻገረ ነጋዴ ሕግ ምን ያህል ሩቅ እንደ ነበረ የሙራድ ታሪክ ራሱ ያስረዳል። ዐፄ ፋሲለደስ ወደ ህንዱ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ በላኩት ጊዜ፥ በጥር 1664 የማራታው አለቃ ሺቫጂ የሱራትን ከተማ ወርሮ ዘረፈ፤ ከተዘረፈውም ውስጥ የኢትዮጵያው መልእክተኛ ዕቃ ነበረበት። መልእክተኞቹ የተረፈውን ይዘው ደልሂ ደረሱ እንጂ፥ የጠፋውን የሚከሱበት አደባባይ አልነበራቸውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን የሆነው በገዛ በራቸው ነው። በ1693 ሙራድ ለዐፄ ኢያሱ ከባሕር ማዶ ያመጣውን ዕቃ ናይብ ሙሳ በምጽዋ ያዘው። የናይቡ ክርክር የቀረጥ ክርክር ነበር፤ በወደቤ ያለፈ ሁሉ ይከፍላል ማለቱ ነው። ንጉሡ ግን ይህን አልተቀበሉም። በየብስ ቢሆን ይህ ነገር በዳኛ ፊት በታየ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱና በቱርኩ ሹም መካከል ግን ሁለቱም የሚቀበሉት ዳኛ ከወዴት ይመጣል? መርከብ የሌላቸው ንጉሥ ያላቸውን መሣሪያ አነሡ፤ ከደጋ ወደ ምጽዋ እህል እንዳይወርድ አዘዙ። ገበያው በተዘጋ ጊዜ ናይቡ የያዘውን ዕቃና እጅ መንሻ ይዞ ወደ ንጉሡ መጣ፤ ምሕረትም ተደረገለት።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በ1603 የሆላንድ ሰዎች ሳንታ ካታሪና የተባለችውን የፖርቱጋል መርከብ በሲንጋፖር አጠገብ ማረኳት፤ ነገሩም አምስተርዳም በባሕር ጉዳይ ዳኞች ፊት ቀርቦ በ1604 ምርኮው የተገባ ነው ተብሎ ተፈረደ። ስለ ማኅበሩ የተሟገተው ሁጎ ግሮቲዩስም በ1609 ባሕር ለሕዝብ ሁሉ ነፃ ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ማኅበር ሙራድ በባታቪያ የተገናኘው ያው ማኅበር ነው። እንግዲህ ልብ ብሎ ላየው፥ ማራኪውም ዳኛውም የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ፍርዱ መርከብ ላለው አደላ። በምጽዋም ፍርዱ እህል ላለው አደላ።

እንደ ቅኔ ቢፈታ፥ የዚህ ነገር ሰሙ ቀረጥ ነው፤ ወርቁ ግን የበሩ ጌታ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ዐፄ ኢያሱ ሰሙን አሸነፉ፤ ዕቃቸው ተመለሰላቸው። ወርቁ ግን ሳይፈታ ቀረ፤ ናይቡ ወደ ወደቡ ተመልሶ ቀረጥ መቀበሉን ቀጠለ። ደግሞም እህልን ዳኛ ማድረግ ዕዳው ከባድ ነው፤ ገበያ ሲዘጋ የሚራበው ቀረጥ የጣለው ሹም ብቻ አይደለም፤ ከሙግቱ አንዳች የሌለበት የደሴቱ ድኃና እህሉን ሊሸጥ የወረደው የደጋ ገበሬም አብረው ይቀጣሉ።

ኢትዮጵያ ራስዋ የባሕር ሕግ መጽሐፍ ያወጣችው በ1952 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነች ከ1993 በአውሮፓ አቈጣጠር ወዲህ ግን የራስዋ የባሕር ጠረፍ የላትም። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ መጋዘን ያለው ነጋዴ ዕቃው በጅቡቲ ሲዘገይበት፥ እንደ ሙራድ የሚጠብቀው የእህል መዘጋትን አይደለም፤ በእጁ የጭነት ሰነድ፥ በፊቱም ውልና ፍርድ ቤት አለ። ያ ወረቀት ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው፥ ወረቀት ባልነበረበት ዘመን አንድ ዕቃ ለማስለቀቅ የአንድ ከተማ እንጀራ በመያዣነት እንደ ተያዘ ያስብ።