ስለ ሸክላና ስለ ክር ፉክክር

የካቲት 11 ቀን 2000 ዓ.ም.፥ ይኸውም እኛ ኢትዮጵያውያን አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበልን በስድስተኛው ወር፥ የጃፓኑ የቶሺባ ኩባንያ «ኤች ዲ ዲቪዲ» የተባለውን የፊልም ማጫወቻ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ነገሩ በእኛ ዘንድ ብዙ ወሬ አላስነሣም። ሆኖም በዚያ ቀን ሁለት ዓመት ያህል የቈየ የነጋዴዎች ጦርነት አበቃ፤ ተቀናቃኙም የሶኒና የተባባሪዎቹ «ብሉ ሬይ» ብቻውን ቀረ።

ሁለቱ ሸክላዎች በመልክ አይለያዩም፤ ስፋታቸውም እንደ ቀድሞው ዲቪዲ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነታቸው ከዲቪዲው ጋር ነበር። ዲቪዲ በቀይ ብርሃን ሲነበብ፥ እነዚህ ግን የሞገዱ ርዝመት 405 ናኖ ሜትር በሆነ ሰማያዊ ብርሃን ይነበባሉ። ቁም ጸሐፊ ብርዑን አቅጥኖ የቀረጸ እንደ ሆነ በአንዱ ብራና ብዙ ቃል እንደሚያሰፍር፥ እንዲሁ የቀጠነ ብርሃን በአንዱ ገጽ ብዙ ሥዕል ያሰፍራል። ብሉ ሬይ በአንድ ንብር 25 ጊጋ ባይት ሲይዝ ኤች ዲ ዲቪዲ 15 ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን ይህኛው በነበሩት የዲቪዲ ፋብሪካዎች በቀላሉ ለመሠራት ይመች ነበር። ታዲያ ነገሩን የቈረጠው የሸክላው ባሕርይ ብቻ አልነበረም። ሶኒ ብሉ ሬይን በሚሸጠው የጨዋታ መሣሪያ ውስጥ ከቶ ወደየቤቱ አስገባው፤ በሁለቱም ወገን ቆሞ የነበረው የዋርነር የፊልም ኩባንያም ታኅሣሥ 25 ቀን 2000 ዓ.ም. ወደ ብሉ ሬይ ማዘንበሉን አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ቶሺባ ጭፍራው በዋዜማው የከዳውን ደጃዝማች መሰለ። (ሶኒም ቢሆን ቀደም ሲል በቤታማክስ ክር እንዲሁ ተሸንፎ እንደ ነበር መርሳት አይገባም።)

እንዲህ ያለው ፉክክር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ1891 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅ ለዳግማዊ ምኒልክ የደረሰው በሰም በተሠራ በርሜል መሰል ዕቃ ላይ ተቀርጾ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በዚያው ዓይነት ዕቃ መልሰዋል። የንግሥቲቱ ድምፅ ግን ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ በታዘዘው መሠረት ተሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማ እሸቴ በርሊን ላይ ዘፈኑን ሲያስቀርጽ ዕቃው ሌላ ነበር፤ ጠፍጣፋው ሸክላ ነበር። ኤዲሰን በርሜሉን እስከ 1929 ድረስ ሲሠራ ቢቈይም በመጨረሻ ለጠፍጣፋው ለቀቀ። «ሸክላ» የሚለውን ስም እኛ ያወጣንለት፥ ያ ጥንታዊ ዕቃ እንደ ገንቦ ስለሚሰበር ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በይበልጥ የእኛ ነው። ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ይህን ክልከላ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ ሀገር አሳተመ። ፊሊፕስና ካይፋም ተከተሉ። እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ትልልቆች ታተሙ። አምኃ በ1967 ዓ.ም. ከሀገር ወጣ።

ሸክላውን የጣለው ግን ለውጡና የሰዓት እላፊው ብቻ አልነበረም። ካሴት መጣ። በድምፅ ጥራት ሸክላ ይበልጠው ነበር ብል ማንም አይቃወመኝም፤ ነገር ግን ሸክላ የማተሚያው መኪና ባሕር ማዶ ነበር፥ ካሴትን ግን ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ በቤቱ ያባዛዋል። ሌላም ምክንያት አለ። የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. በ11.4 ሜጋ ዋት ሥራ ሲጀምር ያበራው ባሕር ዳርን እንጂ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ገጠር አልነበረም። የገጠሩ ገበሬ መብራት ባይኖረውም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ በትከሻው አንግቶ ከገበያ ይመለስ ነበር። ቴፑ በመንገድም ይዘፍናል፤ ሸክላ ግን መርፌው ስለሚዘል እንኳን በመንገድ፥ በሚወዛወዝ ጠረጴዛም ላይ አይጫወትም። ከዚህም በላይ ካሴት ሰሚውን ቀጂ አደረገው፤ አዝማሪው በሠርግ ቤት ሲያንጐራጕር፥ አልቃሽም በልቅሶ ላይ ስትገጥም የሚቀዳ ሰው ተገኘ።

ጉዳቱም ከዚያው ወጣ። የሚያባዛ ሁሉ ነጋዴ ሆነ፤ ድምፃዊውም ከልፋቱ ሳይጠቀም ቀረ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ካሴት ሩብ ምእት ዓመት ያህል ገበያውን ከገዛ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜም ሲዲና ቪሲዲ በር ላይ ደርሰው ነበር። ሕጉ ዘገየ ማለት ይቻላል።

ድል ያደረገውም ብሉ ሬይ ቢሆን ዘመኑ አጠረ። ሶኒ በ2017 ዓ.ም. ለመቅጃ የሚሆነውን የብሉ ሬይ ሸክላ መሥራት አቆመ፤ ፊልም አሁን በአየር ይመጣልና። የአምኃ ሸክላዎች ግን ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በፓሪስ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በሲዲ እንደ ገና ታትመው በዓለም ተሰምተዋል። ያን ዕድል ያገኙት በብዙ ቅጂ ታትመው ስለ ነበር ነው። በምዕራብ ጎጃም በየሣጥኑ ተቀምጠው ከሚገኙት ካሴቶች ውስጥ ግን የልቅሶውና የሠርጉ ድምፅ የተቀዳባቸው አንድ ቅጂ ብቻ ናቸው፤ ክራቸው እርስ በርሱ እየተጣበቀ፥ ድምፁን የያዘው ቡናማ ዱቄትም እየረገፈ ነው፤ የሚያጫውታቸው ቴፕም ከገበያ እየጠፋ ነው።