ቀባሪ አለን፤ ጧሪስ?

በአማርኛችን «ጧሪ ቀባሪ» የሚባለው አንድ ሰው ነው፤ ልጅ። በከተማ ኑሮ ግን ሁለቱ ሥራ ተለያየ። መቅበሩን እድር ወሰደው። መጦሩ ለማን እንደ ቀረ ባለፈው ስብሰባችን ተነሥቶ ብዙ ስላከራከረን፣ ታሪኩን ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን ባጭሩ ለመጻፍ ተስማማን።

እድር የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ ከዘመድ ርቀው አዲስ አበባ በገቡ ሰዎች መካከል ነው። በባዕድ ከተማ የሞተን ማን ያነሣዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር፤ ዛሬም ነው። ድንኳኑ ሲተከል ሁላችንም እንገኛለን፤ የቀረ ይቀጣል። ሟቿ አልጋ ላይ በነበረችባቸው ዓመታት ግን ስም የጠራ የለም።

ጋምቤላ ላይ ነገሩ ይበረታል። አኙዋውም ኑዌሩም መዠንግሩም አረጋዊን በልጅና በልጅ ልጅ መካከል ያኖራል። ሆኖም ብዙ ሰው ከመንደሩ ተነቅሏል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከሰሜንም ከደቡብም ሰዎች በሰፈራ ወደዚህ መጡ፤ ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረችው ዛሬ ስድሳን አልፋለች። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ወደ ኩሌ፣ ቴርኪዲና ጀዊ መጠለያዎች ገቡ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። መጦር የሚገባት አያት የልጅ ልጆቿን ስታሳድግ አይተናል።

መንግሥት ምንም አላለም አይባልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ግዴታ ገብቷል። ጡረታ ግን ደመወዝ ላለው ነው፤ ዕድሜዋን እንጨትና ዓሣ ስትሸጥ የኖረች ሴት መዝገብ ላይ የለችም። ጋምቤላ በከተሞች ሴፍቲኔት የመጀመሪያ ዙር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ስለነበረች፣ መሥራት የማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ብር ገላ አያጥብም፣ ሌሊት ተነሥታ የምትወጣዋን አሮጊት ከበር አይመልስም።

ይህን ሥራ በአገራችን በግልጽ ያሳየው መቄዶንያ ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ በወላጆቹ ቤት ከጎዳና ያነሣቸውን ጥቂት አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርዳት ጀመረ፤ ዛሬ ማእከሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጦራል። ሰው የሚያወራው ስለ ሕንፃው ነው። እኛን የሚገርመን ግን የመጀመሪያው ቤት ነው፤ ተራ መኖሪያ ቤት፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ልብስ መቀየር።

አእምሮ የሚስተው እርጅና የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሴት ታካሚውን አንጎል መርምሮ በሽታውን ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ። እኛ ግን እስከ ዛሬ «ጃጀች» ብለን እናልፋለን፤ ቃሉ የበሽታ ሳይሆን የስድብ ይመስላል። ከአባሎቻችን የአንዷ እናት በሰፈራ የመጡ ናቸው። አማርኛቸው ቀስ በቀስ ጠፍቶ ከምባትኛ ብቻ ቀረላቸው፤ እዚህ የተወለዱ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ቋንቋውን አይችሉም። ጎረቤት ተቆጥተው ዝም ያሉ መስሎት ራቃቸው። ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ መጥፋቱ በዚህ ሕመም የሚታይ ነገር መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ ጋምቤላ ላይ የሚከፈት የአረጋውያን ቤት ከአልጋ በፊት አኙዋኛ፣ ኑዌርኛ፣ መዠንግርኛ፣ ከምባትኛ የምትናገር ሴት ያስፈልገዋል። እንዲህ ያሉ ሴቶች በማኅበራችን አሉ።

ክርክሩ ከቁጠባችን ላይ ነው። ገሚሶቻችን ለብድር የተጠራቀመ ገንዘብ አይነካም አልን፤ ትክክልም ነው። ሌሎቻችን በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሲበረታ አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት መጀመራቸውን አነሣን። የቁጠባውን ሣጥን ሳንነካ በተራ ጉብኝት እንጀምር የሚለው አሳብ ብዙ ድጋፍ አገኘ። ለመጀመሪያው ወር ሰባት አባላት ስማቸውን አስመዝግበዋል፤ ኑዌርኛ የምትችል ግን እስካሁን አንዲት ብቻ ናት።