ጭንብልና ቱቦ፦ በጽኑ አስም ጊዜ እስትንፋስን የማገዝ ዘዴ ታሪክ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ እህል በረንዳና በርበሬ በረንዳ ለሚውል ሰው ብናኝ የዕለት ጓደኛው ነው። የዱቄት ብናኝ አስምን ሊያመጣና ሊያባብስ እንደሚችል ሐኪሞች ከተረዱት ቈይተዋል። ሕመሙ የጠናበት ወፍጮኛ ወይም ተሸካሚ ሐኪም ቤት ሲደርስ ሊታሰብለት ከሚችለው ርዳታ አንዱ፣ ቱቦ በጉሮሮ ሳይገባ አየርን በጭንብል በግፊት መስጠት ነው። ይህ ዘዴ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ስለምን ተዘንግቶ እንደ ገና እንደ ተነሣ፣ ለአገራችንም ምን ትምህርት እንዳለው በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስም ሲነሣ የአየር ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ የገባው አየር በደረት ውስጥ ስለሚታሰር የመተንፈሻ ጡንቻዎች ከልክ በላይ ይደክማሉ። የጭንብሉ ግፊት ይህን ድካም ያቃልላል እንጂ በሽታውን አያድንም። ቧንቧውን የሚከፍተው እንደ ሳልቡታሞል ያለው መድኃኒት፣ እብጠቱን የሚያበርደውም ስቴሮይድ ነው።

በ1936 አዲስ አበባ በኢጣልያ ጦር ተያዘች፤ ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረውም በዚሁ የወረራ ዘመን ነው። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ፑልተን የተባለ የሎንዶን ሐኪም ከአቧራ መጥረጊያ መኪና የሚነፍሰውን አየር በጭንብል ለበሽተኞች መስጠቱን አስታወቀ። በኒው ዮርክም አልቫን ባራክ በእነዚያ ዓመታት ሂሊየምና ኦክሲጅን ቀላቅሎ በግፊት ለአስም በሽተኞች ሞከረ።

ይሁን እንጂ በ1952 በኮፐንሀገን የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጊዜው በነበሩት የመተንፈሻ መሣሪያዎች ከተረዱት 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ። ቢዮርን ኢብሰን የተባለው ሐኪም አንገትን በስቶ ቱቦ በማስገባት፣ አየር በእጅ ከሚጨመቅ ከረጢት እንዲሰጥ አደረገ። ከረጢቱን ሌትና ቀን በየተራ የጨመቁት ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሞትም በእጅጉ ቀነሰ። ከዚህ ድል በኋላ የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ዋና መንገድ ቱቦ ሆነ፤ ጭንብሉም ለብዙ ዓመታት ተዘነጋ።

ዘዴው የተመለሰው በ1981 በሲድኒ ኮሊን ሱሊቫን በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ ለሚቋረጥባቸው ሰዎች በአፍንጫ በኩል የግፊት አየር በሰጠ ጊዜ ነው። በ1996 ሜዱሪና ባልደረቦቹ በጭንብል የተረዱ 17 የጽኑ አስም ሕሙማንን ታሪክ አተሙ፤ ቱቦ ያስፈለጋቸው 2 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ጥናቶቹ ጥቂትና ትንንሽ ስለሆኑ የአውሮፓና የአሜሪካ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት በ2017 ባወጡት መመሪያ ለድንገተኛ አስም ይሰጥ ወይም አይሰጥ ብለው ለመወሰን አልቻሉም።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሆኑት ግን በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ሁለት የአፍሪካ ጥናቶች ናቸው። በማላዊ ሐኪም በየቀኑ በማይከታተልበት ሆስፒታል ተደርጎ በ2019 በታተመው ጥናት በግፊት አየር ከታከሙት 17 በመቶ፣ በተለመደው ኦክሲጅን ከታከሙት 11 በመቶ ሞቱ። በኢትዮጵያ በ12 ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2024 የታተመው ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ የቱቦው ጫፍ በውኃ ውስጥ በሚነከር ቀላል መሣሪያ የታከሙት የተሻለ ውጤት አገኙ። የሁለቱ አገር ሕሙማን አንድ ዓይነት ባይሆኑም፣ ልዩነቱ ያለ ምክንያት ነው ለማለት አንደፍርም።

እንግዲህ ከኮፐንሀገን እስከ ማላዊ ታሪኩ የሚመሰክረው አንድ ነገር ነው፦ መሣሪያ ያለ ጠባቂ አያድንም። ጭንብል የተደረገለት የአስም ሕመምተኛ እየደከመና እየደነገዘ ሲሄድ አይቶ ሳይዘገይ ወደ ቱቦ የሚያሻግረው ሰው ከአጠገቡ ካልኖረ፣ ጭንብሉ ራሱ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ በ2013 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ሥልጠና ከማናቸውም መሣሪያ ግዢ የማያንስ ዋጋ አለው እንላለን። ለመርካቶው ወፍጮኛም አስቀድሞ የሚያስፈልገው የሚነፋ መድኃኒት፣ ኦክሲጅንና ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ጭንብሉ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።